ዕድሜው በከረጢቶቹ የሚቆጠር የባሕር አረም
በሳይንሳዊ ስሙ አስኮፊለም ኖዶሰም የሚባለው ቡናማ የባሕር አረም ከኖርዌይና ከአየርላንድ እስከ ካናዳዋ ኖቫ ስኮሺያ ድረስ፣ ማዕበል በማይበረታባቸው የሰሜን አትላንቲክ ዓለታማ ዳርቻዎች፣ የባሕሩ ውኃ በጨረቃና በፀሐይ ስበት በየዕለቱ እየሞላ በሚጎድልበት ቀጠና ይበቅላል። ሥር ስለሌለው ምግቡን በመላ አካሉ ከውኃው እየመጠጠ፣ በግርጌው ባለ መያዣ ዓለቱን ሙጭጭ ብሎ ይኖራል፤ ውኃው ሲሞላም በቅርንጫፎቹ ላይ ያሉት የእንቁላል ቅርጽ ያላቸው፣ አየር የቋጠሩ ከረጢቶች ወደ ብርሃን ያነሡታል። ዋናው ቅርንጫፍ ከለጋነቱ ዘመን በኋላ በአብዛኛው በዓመት አንድ ከረጢት ብቻ ስለሚያወጣ፣ እነዚህን በመቁጠር ዕድሜውን መገመት ይቻላል። ለማዳበሪያና ምግብን ለሚያወፍረው አልጂኔት ሲባል የሚታጨደው ይህ አረም አዝጋሚ አዳጊ በመሆኑ፣ አጫጆች ግርጌውን ሳይነቅሉ ከላይ ብቻ ሊቆርጡት ይገባል፤ ከተነቀለ ቦታውን መልሶ ለመያዝ ረጅም ዓመታት ይፈጅበታልና።