የዐውደ ዓመት ጥያቄ፦ ቀድሞ ለተጫነ ወይስ ሰምቶ ለመለሰ?

በዐውደ ዓመት ሰሞን ስለ በዓሉ ታሪክ ብቻ ሳይሆን በዓሉ በየቤታችን ስለሚከበርበት ሁኔታም መነጋገር ተገቢ ነው። ስለሆነም በዛሬው ጽሑፋችን፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በየቤተሰቡና በየሰንበት ትምህርት ቤቱ እየተለመደ ስለ መጣው፣ በእጅ ስልክ ስለሚካሄደው የጥያቄና መልስ ጨዋታ ጥቂት እንላለን።

የጨዋታው አካሄድ ቀላል ነው። አንድ ሰው ጠያቂ ይሆናል፤ ተወዳዳሪዎች በያሉበት ሆነው በእጅ ስልካቸው ወደ አንድ የኢንተርኔት ገጽ ይገባሉ፤ ጠያቂው የሰጣቸውን የመግቢያ ቁጥርና የየራሳቸውን ስም ይጽፋሉ። ጥያቄው ሲነበብ በስልካቸው ላይ የሚታየውን የደወል ቁልፍ ቀድሞ የተጫነ ሰው የመመለስ ዕድሉን ያገኛል፤ ከሳተ ዕድሉ ወደ ተከታዩ ይተላለፋል። ደወል እየደወሉ መወዳደር በባሕር ማዶ የቆየ ልማድ ነው። በአሜሪካ «ኮሌጅ ቦውል» የተባለው የተማሪዎች ውድድር እ.ኤ.አ. በ1953 በሬዲዮ፣ በእንግሊዝም «ዩኒቨርሲቲ ቻሌንጅ» እ.ኤ.አ. በ1962 በቴሌቪዥን መተላለፍ ጀምረዋል። በኖርዌይ የተሠራው «ካሁት» እ.ኤ.አ. በ2013 ጨዋታውን ወደ ተማሪዎች የእጅ ስልክ አመጣው። በአገራችን ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ቴሌግራምም ከጥር 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ትክክለኛውንና የተሳሳተውን መልስ ወዲያው የሚለይ የጥያቄ መልክ አዘጋጅቷል።

ይህ ነገር ለእኛ ቤተሰቦች ያለው ጥቅም በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ከጎንደር ተነሥቶ በደባርቅ አልፎ፣ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ ዛሪማ የሚደርስ መንገደኛ ምን ያህል አገር እንዳቋረጠ ያውቀዋል። እንደ ዛሪማ ባለች ከተማ ወላጆች ከቤት ቀርተው አንዱ ልጅ ለትምህርት ጎንደር፣ ሌላዋ ለሥራ አዲስ አበባ፣ ሦስተኛውም ባሕር ማዶ ሊሆን ይችላል። በእንቁጣጣሽ ዕለት ሁሉም በአንድ ማዕድ ዙሪያ መሰብሰብ ባይችሉ እንኳ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ መሰብሰብ ይችላሉ። በዛሪማ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን በዋሽንግተን ገና ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው፤ ወላጆች ቡና አፍልተው በሚቀመጡበት ሰዓት በሩቅ ያለው ልጅም ነቅቶ ይገኛል። የስልክ ሰላምታ «እንዴት ከረማችሁ፣ እንኳን አደረሳችሁ» ከተባባሉ በኋላ ብዙ ጊዜ ወሬ ያልቅበታል። ጥያቄ ሲኖር ግን ጨዋታው ይረዝማል፤ ባሕር ማዶ የተወለደ የልጅ ልጅም ከአያቱ አፍ ቃል ይሰማል።

ጥያቄን ከበዓል ጋር ማዋሐድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ንግሥተ ሳባ የሰሎሞንን ጥበብ ሰምታ በእንቆቅልሽ ልትፈትነው ወደ ኢየሩሳሌም እንደ ሄደች በቀዳማዊ መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 10 ተጽፏል። በአፈ ታሪካችንም ንግሥቲቱ ስትመለስ መኳንንቱ «እንቁ ለጣትሽ» ብለው ገጸ በረከት እንዳቀረቡላት፣ የእንቁጣጣሽ ስያሜም ከዚያ እንደ መጣ ይነገራል። ጥያቄ ይዞ የሄደ ሰው ዕንቁ ይዞ ይመለሳል እንደ ማለት ነው።

ማታ ማታ በእሳት ዳር የምንጫወተውን እንቆቅልሽም እናስታውስ። ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ይላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይቀበላል። መልሱ ከጠፋው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ እርሱም «ጎንደርን ሰጠሁህ» ወይም «ዛሪማን ሰጠሁህ» ይላል፤ ጠያቂውም አገሩን ተቀብሎ መልሱን ይነግረዋል። በዚህ ጨዋታ ሁለት ቁም ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ ያላወቀው ሰው አያፍርም፤ ይልቁንም እንደ ባለጸጋ አገር ሰጥቶ ይወጣል። ሁለተኛው፣ መልሱ ሳይነገር ወደሚቀጥለው ጥያቄ አይታለፍም። የጨዋታው ፍጻሜ ሁሉም ዐውቆ መነሣቱ ነው።

በእጅ ስልክ በሚደረገው ውድድር የሚያሳስበን እነዚህ ሁለት ነገሮች እንዳይጠፉ ነው። የደወል ቁልፍ በባሕርዩ ፍጥነትን ይሸልማል። ለምሳሌ በካሁት የተለመደ የነጥብ አሰጣጥ ወዲያው ትክክል የመለሰ እስከ 1,000 ነጥብ ሲያገኝ፣ በተፈቀደው ጊዜ መጨረሻ ላይ ያንኑ ትክክለኛ መልስ የሰጠ 500 ያህል ብቻ ያገኛል። ሁለቱም ዐውቀዋል፤ ነገር ግን አንዱ የሌላውን እጥፍ ወሰደ። በደወል ጨዋታ ደግሞ ዘግይቶ የተጫነው መልሱን እያወቀ ጭራሽ ላይጠየቅ ይችላል።

በዚህ ላይ የኔትወርክ ጉዳይ ይጨመራል። ሰው አንድን ነገር አይቶ ጣቱን ለማንቀሳቀስ የሚወስድበት ጊዜ የሰከንድ ሩብ ያህል ነው። ቀዳሚው የሚለየው መልእክቱ ወደ ማእከሉ በደረሰበት ቅደም ተከተል ከሆነ፣ በተራራ ሥር ሆኖ ደካማ ኔትወርክ የያዘ ሰው መልእክቱ በግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ አስቀድሞ ተጭኖ ሳለ ተቀድሟል ይባላል። ያን ጊዜ ያሸነፈው ፈጣኑ ልጅ ሳይሆን ፈጣኑ መስመር ነው። የዛሪማው ልጅ ከዋሽንግተኑ የአጎቱ ልጅ ጋር ሲወዳደር ይህን አለማሰብ ፍርድ ማጓደል ይሆናል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የመንፈሳዊ ሕይወት ጉዳይ ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ ለመስማት መፍጠንን፣ ለመናገር ግን መዘግየትን ያስተምረናል። መጽሐፈ ሲራክም ሳይሰሙ መመለስን ይከለክላል። ጌታችን በ12 ዓመቱ በቤተ መቅደስ በመምህራን መካከል በተገኘ ጊዜ ወንጌላዊው ሉቃስ ያስቀደመው መስማቱን ነው፤ ከዚያም መጠየቁን፣ በመጨረሻም ሰዎች በመልሱ መደነቃቸውን ይነግረናል። ጥያቄው ሳያልቅ ቁልፉን የሚጫን ልጅ ግን ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦ ይማራል።

የአብነት ትምህርት ቤቶቻችንም በሩጫ የሚያስተምሩ አይደሉም። አቋቋም ለመማር ጎንደር በአታ የሚገባ ደቀ መዝሙር ዓመታትን ይቈጥራል እንጂ ሰከንድ አይቈጠርበትም። ቀለሙን ያልያዘ ተማሪ የኔታ «ተመለስና ቀጽል» ይሉታል እንጂ «ተሸንፈሃል፣ ውጣ» አይሉትም። በሰንበት ትምህርት ቤት ጉባኤያት ላይ እንደምንታዘበው፣ ቶሎ የሚናገረው ልጅ ሲጨበጨብለት፣ ዐዋቂው ግን ቀስ ብሎ የሚያስበው ልጅ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። ይህ ልጅ ደጋግሞ «አታውቅም» ከተባለ ራሱም አላውቅም ብሎ ያምናል፤ ከጉባኤውም ቀስ በቀስ ይርቃል። ለጨዋታ ብለን አንድ ነፍስ ከጉባኤ ማራቅ ከባድ ኪሳራ ነው።

ታዲያ ጨዋታውን እንተወው ማለታችን አይደለም፤ እናርመው ማለታችን ነው። የጥያቄውን ዓይነት ብንመርጥ ብዙው ነገር ይስተካከላል። «ባሕረ ሐሳብን እንደ ደረሰ የሚነገርለት የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ቅዱስ ድሜጥሮስ መሆኑን የሸመደደ ፈጥኖ ይጫናል። ነገር ግን «2018 ዓ.ም. ዘመነ ማን ነው? መስከረም 1ስ በምን ቀን ዋለ?» ቢባል ጣት ሳይሆን አእምሮ ይሠራል። በ5,500 ዓመተ ኩነኔ ላይ 2018 ዓመተ ምሕረት ሲደመር 7,518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ይህ ለ4 ሲካፈል 1,879 ደርሶ 2 ይተርፋል፤ አንድ ሲተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ሲተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ሲተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ሳይተርፍ ሲቀር ዮሐንስ ስለሆነ ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ነው። 7,518ና 1,879 ተደምረው 9,397 ይሆናሉ፤ ለ7 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ አንድ ለማክሰኞ፣ ሁለት ለረቡዕ፣ ሦስት ለሐሙስ ነውና በዓሉ ሐሙስ ዋለ። ሊቃውንት በየዓመቱ በዚሁ ዕለት በቤተ ክርስቲያን የሚያውጁት ሒሳብ ይኸው ነው። እንዲህ ያለው ጥያቄ ልጁን ወረቀት ያስይዘዋል፤ «አባየ፣ ሦስት ሲተርፍ ማን ነበር?» ብሎ እንዲጠይቅም ያደርገዋል። ዘመነ ዮሐንስ ሊገባ ሲል ጳጉሜን ለምን 6 ቀን እንደምትሆን አያይዞ ማስረዳትም ይቻላል።

ጨዋታውን የሚመሩ ወጣቶች የሚከተለውን ቢያደርጉ መልካም ነው። በመጀመሪያ፣ ጥያቄው ተነብቦ እስኪያልቅ ድረስ የደወሉን ቁልፍ ዘግተው ያቆዩ፤ ይህን የሚፈቅዱ ገጾች አሉ፤ ከሌሉም አቋርጦ የተጫነ ተራውን እንደሚያጣ አስቀድመው ይናገሩ። ሁለተኛ፣ ስልኩ ለአንድ ሰው ሳይሆን ለአንድ ቤት ይሁን፤ ቁልፉን ልጁ ይጫን፣ መልሱን ግን ከአባትና ከእናቱ፣ ከአያቱም ጋር በግማሽ ደቂቃ ውስጥ መክሮ ይስጥ። ሦስተኛ፣ ተወዳዳሪዎች በተለያየ አገር ካሉ የደወሉን ነገር ትተው፣ ሁሉም በአንድ ደቂቃ ውስጥ መልሱን ጽፎ እንዲልክ፣ ትክክል የመለሰም ሁሉ እኩል ነጥብ እንዲያገኝ ያድርጉ። አራተኛ፣ ከያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ መልሱ ለምን ትክክል እንደ ሆነ ይብራራ፤ የተሳሳተው ቤትም እንደ ቀድሞው «አገር ሰጥቶ» በሳቅ ይለፍ። ኔትወርክ ሲጠፋም በዓሉ አይጠፋምና፣ በተራ የስልክ ጥሪ ድምፁን ከፍ አድርጎ ወይም በቤት ውስጥ እጅ በማውጣት መቀጠል ይቻላል።

ስለ ሽልማትም አንድ ቃል እንበል። ሶምሶን በሠርጉ ግብዣ ላይ በ30 የበፍታ ልብስና በ30 ክት ልብስ ተወራርዶ እንቆቅልሽ እንዳቀረበ በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 14 እናነባለን። ተወራራጆቹ መልሱን በጥበብ ሳይሆን ሚስቱን በማስፈራራት አገኙት፤ ፍጻሜውም ደም መፋሰስ ሆነ። ገንዘብ የተያዘበት ጥያቄ ዛሬም መልሱን በሌላ ስልክ ከኢንተርኔት ሰርቆ ለመመለስ ይገፋፋል። ስለዚህ ውርርድ አይግባበት፤ ሽልማቱ ድፎ ዳቦውን የመቁረስ ዕድል ወይም የአያት ምርቃት ቢሆን ይበቃል።

በመጨረሻም ጥያቄዎቹ ሳይዘጋጁ በፊት ለካህን ወይም ለመምህር ይታዩ፤ የተሳሳተ መልስ በስልክ ሲዛመት ለማረም ያስቸግራልና። ልዩ ልዩ ትርጓሜ ያላቸው ጉዳዮች ለውድድር አይቅረቡ። የእንቁጣጣሽ ስያሜ ራሱ ከአንድ በላይ ማብራሪያ አለው፤ ዕለቱ ቅዱስ ዮሐንስ መባሉም የብሉይና የሐዲስ መገናኛ ከሆነው መጥምቅ ጋር ተያይዞ በሰፊው ይተረካል። እንዲህ ያለውን በቡና ላይ ቁጭ ብሎ ማውጋት እንጂ በነጥብ መለካት አይገባም። ጨዋታውም ቅዳሴ ተቀድሶ፣ ጠያቂ ያጣ ጎረቤትና በሽተኛ ከተጎበኘ በኋላ ይሁን።

አሸናፊው ቤት የትኛው እንደ ሆነ በማግስቱ ይረሳል። ልጁ ከአያቱ የሰማው የባሕረ ሐሳብ ሒሳብ ግን ከእርሱ ጋር ያድጋል፤ አንድ ቀንም እርሱ ለልጁ ይነግረዋል።