አሥራ አንዱም «ሞኖሊቲክ» ናቸው?

ላሊበላ የገባ እንግዳ ከአስጎብኚዎች አፍ ቶሎ ከሚሰማቸው የእንግሊዝኛ ቃላት አንዱ «ሞኖሊቲክ» ነው። በአማርኛ «ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተፈለፈለ» ይባላል። ብዙዎች ቃሉ ለአሥራ አንዱም አብያተ ክርስቲያናት እኩል ይሠራል ብለው ያምናሉ።

አይሠራም። ጥፋቱን ግን ለአስጎብኚዎች ብቻ መስጠት ግፍ ይሆናል፤ ቅርሱን በ1978 እ.ኤ.አ. የመዘገበው ዩኔስኮ ራሱ በአጭር መግለጫው አሥራ አንዱንም «ሞኖሊቲክ» ይላቸዋል፤ በዚያው ትንፋሽ ደግሞ የዋሻ ቤተ ክርስቲያን ያደርጋቸዋል።

ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን «አንድ ድንጋይ» ማለት ነው። የሥነ ሕንፃ ሰዎች በጥብቅ ሲጠቀሙበት ግን ዙሪያው ተቆፍሮ አራቱም ጎንና ጣሪያው ከእናት ዓለቱ የተላቀቀ፣ ወለሉ ብቻ የቀረ ሕንፃን ይመለከታል። ይህን የሚያሟሉት አራት ናቸው፦ ቤተ መድኃኔዓለም፣ ቤተ ማርያም፣ ቤተ አማኑኤልና ቤተ ጊዮርጊስ። ቤተ አባ ሊባኖስን ግን ዙሪያውን መዞር ቢቻልም ጣሪያው ከላይ ካለው ዓለት ጋር እንደተያያዘ ነው። ቤተ መስቀል ደግሞ በቤተ ማርያም ግቢ ግድግዳ ውስጥ ተፈልፍሎ የገባ ነው። ሁሉንም የሚያቅፈው ቃል «ውቅር» ነው፤ ለምን እንደሚዘነጋ ይገርማል።

ከከተማው ሲወጣ ግራ መጋባቱ ይብሳል። ይምርሐነ ክርስቶስ ከላሊበላ ውቅሮች ጋር አብሮ ይቆጠራል እንጂ ጭራሽ አልተፈለፈለም፤ በዋሻ ውስጥ በድንጋይና በእንጨት እያፈራረቁ የገነቡት ነው። በአንጻሩ ገነተ ማርያም ዙሪያዋ የተላቀቀ እውነተኛ ወጥ ሕንፃ ናት፤ ነገር ግን የንጉሥ ላሊበላ ሥራ ሳትሆን የዛጉዌ ሥርወ መንግሥት ካበቃ በኋላ በነገሠው በይኩኖ አምላክ ዘመን የታነጸች ናት።

 

«ወጥ» ሲባል «የማይሰነጠቅ» ማለት የሚመስላቸውም አሉ። የላሊበላ ዓለት እሳተ ገሞራ የወለደው ነው፤ ይሰነጠቃል፣ ውኃም ያስገባል። ከሁሉም ትልቁ የሚባለው የቤተ መድኃኔዓለም የውጭ ዓምዶች ብዙዎቹ ወድቀው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጥገና በተካበ ድንጋይ እንደገና የተሠሩ ናቸው።