ቡና ሲቆላ የሚጮኸው ደወል

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ብሪክስተን ውስጥ ከኮልድሃርበር ሌን ገባ ብሎ ባለ የኪራይ ሕንጻ፣ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ጎረቤታችን ቤት ቡና ተጠርተን ነበር። ረከቦቱ ቀርቧል፣ ፈንዲሻው ተዘጋጅቷል፣ እጣን ማጨሻው ላይ ያለው ከሰል ፍም ሆኗል። ቀና ብዬ ሳይ ጣራው ላይ ያለው የጭስ ማንቂያ ደወል የሻወር ቆብ አጥልቋል።

“እማማ፣ ይህን ማን አለበሰው?”

“እኔው ነኝ ልጄ። ቡና በቆላሁ ቁጥር እየጮኸ ሰፈሩን ያስነሣብኛል። ታዲያ ምን ላድርግ፣ ቡናውን ልተወው?”

ሁላችንም ሳቅን። እኔ ግን ከልቤ መሳቅ አልቻልኩም። ሙያዬ ምሕንድስና ሆኖ ሳለ፣ በዚያው ሳምንት ከሕንጻው አስተዳደር የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሶኝ ነበር። ጥፋቴ የመግቢያ በራችንን ራሱ የሚዘጋውን የብረት ክንድ መፍታቴ ነው። የልጄን ጋሪ ሳስገባ በሩ እየመጣ ስለሚገፋኝ አንድ ምሽት በንዴት ብሎኑን ነቀልኩት። ደብዳቤው ሲመጣም “እነዚህ ሰዎች ደግሞ በሰው በር ምን አገባቸው” ብዬ ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ እዚህ አገር የሕንጻ ደንብ ሲደርሰን ብዙዎቻችን የምናነበው እንደ ፈረንጅ ጭቅጭቅ ነው። ኮልድሃርበር ሌን ላይ ያለውን ሳውዝዊክ ሃውስን ያየ ሰው ይኖራል፤ የሰፈሩ ሰው “ባሪየር ብሎክ” ይለዋል። በመንገዱ በኩል ያሉት መስኮቶቹ እጅግ ጠባብ ስለሆኑ አዲስ ሰው እስር ቤት ይመስለዋል። ነገሩ ግን በአጠገቡ ሊያልፍ ታስቦ የነበረ ትልቅ የመኪና መንገድ ድምፅ እንዲከለከል ተብሎ የተሠራ ነው፤ መንገዱ ቀረ፣ ሕንጻው ጠባብ መስኮቱን ይዞ ቆመ። ሕንጻ ላይ የምናየው እንግዳ ነገር ሁሉ አንድ ሰው በምክንያት ያስቀመጠው ነው። የመንገዱ ምክንያት ቀርቷል፤ የበሬ ምክንያት ግን አልቀረም።

ያደግንበት ቤት ማንም ሳያዘው ይተነፍሳል። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ በሩ ከሥር ጣት የሚያስገባ ክፍተት ያለው ነው። ጭሱም እንፋሎቱም መውጫ አያጣም። እንዲያም ሆኖ ብርዱን ፈርተው ከሰል አስገብተው በር ዘግተው የተኙ ሰዎች በዚያው መቅረታቸውን ሰምተን አድገናል። የለንደን ፍላት ደግሞ ሙቀት እንዳይወጣ ተብሎ የታሸገ ሳጥን ነው፤ መስኮቱ ድርብ መስተዋት፣ ዙሪያው ጎማ። እንዲህ ያለ ቤት የሚተነፍሰው በተሠራለት ቀዳዳ ብቻ ነው።

ከከሰሉ ልጀምር፣ ገዳዩ እሱ ነውና። የተቀጣጠለ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ በትንሽ መጠንም ሰውን ያደክማል፤ ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያዞራል፣ ያስተኛል። “እጣኑ አዞረኝ” እያልን የምንስቀው አንዳንዴ እጣኑ ላይሆን ይችላል። ቤት ውስጥ ያሉት ሁሉ አብረው ራሳቸውን ካመማቸውና ውጭ ሲወጡ ከተሻላቸው ቶሎ መስኮት መክፈት፣ መውጣት፣ ሐኪም መጥራት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ክፍተት አለ። እንግሊዝ ውስጥ ከጥቅምት (ኦክቶበር) 1 ቀን 2022 ጀምሮ አከራዩ፣ ካውንስልም ይሁን የግል፣ በየፎቁ የጭስ ደወል፣ እንደ ቦይለር ያለ ቋሚ ማንደጃ ባለበት መኖሪያ ክፍል ደግሞ የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወል የማድረግ ግዴታ አለበት። ቡና የምናፈላበት ሳሎን ግን ቋሚ ማንደጃ የለውም፤ ሕጉ የኛን ረከቦት አያውቀውም። የጭስ ደወል ደግሞ ይህን ጋዝ አይለይም። ስለዚህ የዚህን ደወል በራስ ገንዘብ መግዛት ነው፤ ዋጋው የአንድ ምሽት እራት ቢሆን ነው። ይህ ማለት ግን ደወል ካለ ከሰል ይፈቀዳል ማለት አይደለም። በረንዳ ላይ ማንደድንም ብዙ የኪራይ ውሎች ይከለክላሉ። በዓረብ ሱቆች የሚሸጠው የኤሌክትሪክ ማጨሻ እጣኑን ያለ ፍም ያጨሰዋል።

የጭስ ደወሉስ? እውነቱን ለመናገር እማማ ላይ ብቻ መፍረድ አይገባም። ከወጥ ቤት በር አጠገብ የተሰቀለ የጭስ ደወል ቡና በተቆላ ቁጥር መጮኹ ያለ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ የሚሰቀለው ጭስን ሳይሆን ሙቀትን የሚለይ ደወል ነው፤ የጭሱ ደወል ቦታ ኮሪደሩ ነው። አከራዩን ቦታው እንዲለወጥ መጠየቅ ይቻላል። እስከዚያው የወጥ ቤቱን በር ዘግቶ፣ መስኮት ከፍቶ፣ የአየር ማውጫውን አብርቶ መቁላት። ቆብ ያጠለቀ ደወል ግን እሁድም ዝም፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓትም ዝም ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት። ሰኔ (ጁን) 14 ቀን 2017 ለሊት በምዕራብ ለንደን ግሬንፌል ታወር ሲቃጠል 72 ሰዎች ሞቱ፤ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ወገኖቻችንም ነበሩባቸው። እሳቱ የተነሣው አራተኛ ፎቅ ወጥ ቤት ውስጥ ከነበረ ማቀዝቀዣ ነው። ወደ ላይ የወሰደው ዋናው ጥፋተኛ ሕንጻውን የሸፈነው ተቀጣጣይ ልባስ ነው፤ ይህን የተከራይ ጥፋት ለማድረግ የሚሞክር ካለ አይስሙት። ይሁንና መርማሪው ጉባኤ ሌላም ነገር አገኘ፦ ከፍላቶቹ በሮች ብዙዎቹ ራሳቸውን የሚዘጉበት መሣሪያ አልነበራቸውም ወይም አይሠራም ነበር። ሰዎች ሲሸሹ በሩ ክፍት ቀረ፣ ጭሱ ወደ መተላለፊያውና ወደ ደረጃው ወጣ።

የፍላት መግቢያ በር ተራ በር አይደለም። ብዙውን ጊዜ እሳትን 30 ደቂቃ እንዲያቆም የተሠራ ነው። ጠርዙ ላይ ያለው ቀጭን ጥብጣብ ሙቀት ሲነካው አብጦ ክፍተቱን ይደፍናል። ግን ክፍት በር ምን ቢያብጥ ምን ይደፍናል? ያቺ የብረት ክንድ የተሠራችው ደንግጦ የሚሮጥ ሰው በር መዝጋት ስለማያስታውስ ነው። እኔ ጋሪዬን አስቤ የፈታኋት እሷን ነው። ከጥር (ጃንዋሪ) 23 ቀን 2023 ወዲህ በእንግሊዝ ከ11 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው የመኖሪያ ሕንጻዎች የጋራ በሮች በየሦስት ወሩ፣ የፍላት በሮች በየዓመቱ እንዲታዩ ሕጉ ያዛል። በሬን ሊያይ የመጣው ሰው ነገረኛ መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳስበው፣ ክንዱን የፈታሁት ከራሴ ቤተሰብ ይልቅ በጎረቤቶቼ ላይ ነው፤ እሳቱ ከኔ ቢነሣ ጭሱ የሚደርሰው እነሱ ጋ ነው። ክንዷ ተመልሳ ገብታለች። ብትከብድ የሚስተካከል ብሎን ነበራት፤ መሐንዲሱ አላየውም።

ስለ ምጣድም አንድ ቃል። የእንግሊዝ ተራ ሶኬት እስከ 13 አምፒር ነው፤ በ230 ቮልት ሲሰላ 3 ኪሎዋት አካባቢ። ከአዲስ አበባ በሻንጣ የመጣ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ቢሆን 15 አምፒር ይስባል። “ፊውዙ ካልተቃጠለ ምን ችግር አለ” ይባላል። ፊውዙ በትንሽ ትርፍ ቶሎ አይቀልጥም፤ ሶኬቱና ገመዱ ግን ሰዓታት ሙሉ ይግላሉ፣ በተለይ ተጠቅልሎ የተተወ ኤክስቴንሽን። ምጣዱ ላይ የተጻፈውን ዋት አንብቡ፤ ከ3 ኪሎዋት በላይ ከሆነ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይጠራ።

የእንጀራው እንፋሎት ደግሞ ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲያገኝ ውሃ ይሆናል፣ ውሃው ሻጋታ። እዚህ ላይ አከራዮች “አኗኗራችሁ ነው” ማለት ይወዳሉ። በ2020 ሮችዴል ከተማ ውስጥ የሁለት ዓመቱ ሕፃን አዋብ ኢስሃቅ ሻጋታ በሞላው ፍላት ኖሮ ሞተ። ወላጆቹ ከሱዳን የመጡ ናቸው፤ ደጋግመው አመልክተው ነበር፣ አከራዩም ስለ አኗኗራቸው ግምት መውሰዱን በኋላ አምኗል። በስሙ የተጠራው ሕግ ከጥቅምት (ኦክቶበር) 27 ቀን 2025 ጀምሮ በካውንስልና በማኅበራት ቤቶች ላይ ይሠራል፦ አስቸኳይ አደጋ በ24 ሰዓት ውስጥ ይታያል፣ ከባድ እርጥበትና ሻጋታ በ10 የሥራ ቀን ይመረመራል፣ ምርመራው ባለቀ በ5 የሥራ ቀን አደጋው እንዲወገድ ይደረጋል። ቀኑ የሚቆጠረው አከራዩ ካወቀ ጊዜ ጀምሮ ነውና በስልክ ብቻ አትንገሩ፤ በጽሑፍ፣ ከፎቶ ጋር፣ ግልባጩን አስቀርታችሁ።

እማማ ቆቡን አውልቀውታል። ደወሉ እንዲዛወርላቸው ደብዳቤውን አብረን ጻፍን፣ ሰው መጥቶ አዛወረው። የኤሌክትሪክ ማጨሻውን ግን በዓይናቸው እንኳ አልወደዱትም። “እጣን በሶኬት?” አሉኝ። የገዛሁላቸው የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወል መደርደሪያው ላይ፣ ከማርያም ሥዕል አጠገብ ተቀምጧል። ስሙን “ዘበኛው” ብለውታል። ባለፈው እሁድ ስሄድ ከሰሉ አልነበረም፤ ማጨሻው ሶኬት ላይ ተሰክቶ ነበር፣ በነጠላ ተሸፍኖ እንግዳ እንዳያየው።

“እማማ፣ ነጠላውን አንሱት፣ ይቃጠላል” አልኳቸው።