የመንዝ ጽንስ በማን ልክ ይለካ?

የእርግዝና ክትትል ከቀን ይጀምራል። አዋላጇ «የመጨረሻው የወር አበባሽ መቼ መጣ?» ስትል፣ በሰሜን ሸዋው መንዝ ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌ ወይም ከራቤል ዙሪያ የመጣች እናት ብዙ ጊዜ የምትመልሰው በታቦት ነው፦ «የመስከረም ማርያም ዕለት»። አዋላጇ ዘጠኝ ወር ከ10 ቀን ትደምራለች፤ ከመስከረም 21 ተነሥታ ሐምሌ 1 ቀን፣ ልደታ ላይ ትደርሳለች። ቆጠራው ጳጉሜን ከተሻገረ በ10 ፈንታ 5 ቀን፣ ጳጉሜ 6 በሆነበት ዓመት ደግሞ 4 ቀን ትጨምራለች። ከጳጉሜ በቀር ወራችን ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ስሌቱ ማንንም አይቸግርም። የሚቸግረው መነሻው ሲጠፋ ነው። ጡት እያጠባች፣ አበባዋ ሳይመለስ ያረገዘች እናት የምትነግረው ቀን የላትም። ብዙ ጊዜ ማርገዟን የምታረጋግጠው ሕፃኑ ሲንፈራገጥ ነው፤ ያን ጊዜ እርግዝናው ተጋምሷል።

ቀኑ ካልታወቀ የማኅፀኑ ልኬትም መቆሚያ ያጣል። ልኬቱ ራሱ ቀላል ይመስላል፤ ጥንቃቄው ግን ብዙ ነው። እናቲቱ ሽንቷን ሸንታ በጀርባዋ ትተኛለች። አዋላጇ የማኅፀኑን ጫፍ በእጇ ዳብሳ ታገኝና ሜትሩን ቁጥሩ እንዳይታያት ገልብጣ፣ ከዚያ ተነሥታ ከሆድ ግርጌ እስካለው አጥንት ትዘረጋዋለች። ቁጥሩን የምታነበው መጨረሻ ላይ ነው፤ አስቀድማ ካየችው እጇ የጠበቀችው ቁጥር ላይ ሊያርፍ ይችላል። ከ24 ሳምንት በኋላ ሴንቲሜትሩና ሳምንቱ ይቀራረባሉ፤ በ30 ሳምንት 30 ገደማ ይጠበቃል። 26 ከሆነስ? ወይ ጽንሱ አላደገም፣ ወይ ቀኑ ተሳስቷል። ይህን ለመለየት በጊዜው የታየ አልትራሳውንድ ያስፈልጋል፤ እርግዝናው እየገፋ ሲሄድ መሣሪያውም ዕድሜን በትክክል መናገር ያቅተዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ስምንት ክትትልና ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ አልትራሳውንድ እንዲኖር መክሯል፤ ጤና ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2022 መመሪያውን ወደ ስምንት አሳድጓል። ሆኖም ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት አራትና ከዚያ በላይ ክትትል ያደረጉት እናቶች 43 በመቶ ሲሆኑ፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የጀመሩት 28 በመቶ ብቻ ነበሩ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አልትራሳውንዱ የራስን ዙሪያ፣ የሆድን ዙሪያና የጭን አጥንትን ርዝመት ከለካ በኋላ ውጤቱ ከሠንጠረዥ ጋር ይነጻጸራል። ሠንጠረዡ የማን ነው? እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ኢንተርግሮውዝ 21 የተባለው ጥናት ከስምንት አገሮች ጤነኛ እናቶችን ሲመርጥ፣ የከፍታውን ወሰን 1,600 ሜትር ላይ አድርጓል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ከዐሥር አገሮች የተሰበሰበ ነው። በሁለቱም ኢትዮጵያ የለችም። መሐል ሜዳ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት።

ከፍታ ጽንስን ያሳንሳል፤ በአሜሪካ ኮሎራዶ የተሠራው ጥናት በየ1,000 ሜትሩ የልደት ክብደት 100 ግራም ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ላይ ናት፤ በዚህ ስሌት በሁለቱ ከተሞች ልጆች መካከል ወደ 200 ግራም ልዩነት ይጠበቃል ማለት ነው። ግን ይህን ስሌት እንዳለ ወደ መንዝ ማምጣትም አያስተማምንም። ሲንቲያ ቢል የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የአማራ ገበሬዎች ሄሞግሎቢናቸው በባሕር ጠለል አካባቢ ከሚኖሩ ሰዎች ጋር እንደሚቀራረብ አሳይተዋል፤ ይህም ሰውነታቸው ደጋውን እንደለመደ ይጠቁማል። በቲቤትም በትውልድ ብዛት ደጋን የለመዱ እናቶች ልጆች ክብደት ከመጤዎቹ ያነሰ ነው የሚቀንሰው። የመንዝ እናት ከየትኞቹ ትመደባለች?

ጥያቄው የሊቃውንት ክርክር ብቻ አይደለም። የቆላው ሠንጠረዥ ጤነኛውን የደጋ ጽንስ «ቀጭጯል» ሊያሰኝ፣ እናቲቱንም ያለ ምክንያት ደብረ ብርሃን ድረስ ሊያስኬድ ይችላል። «አገሩ ደጋ ስለሆነ ነው» የሚለው ማጽናኛ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው፤ በደም ግፊት ወይም በምግብ እጥረት የተጎዳን ጽንስ ይሸፍናል። ልጁ ገዝፎ ምጥ እንዳያስቸግር ብላ ጉርሻዋን የምትቀንስ እናት ባለችበት አገር ይህ ቀላል አደጋ አይደለም። ለጊዜው የሚያዋጣው ያችኑ እናት ደጋግሞ መለካት ነው። 26 የነበረው በሁለት ሳምንት ወደ 28 ከሄደ ቀኑ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፤ ከቆመ ግን ወደ ሆስፒታል መላክ አለባት።

መፍትሔው ከደጃችን አይርቅም። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅና የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2018 በዚሁ በሰሜን ሸዋ የብርሃን ጥናት ጣቢያን አቋቁመው፣ በደጋው አንጎለላና ጠራ እና በቆላው ቀወት እርጉዞችን በአልትራሳውንድ እየመዘገቡ ተከታትለዋል። ሥራው ወደ ጌራ ምድርና ወደ ግሼ ራቤል ወጥቶ፣ እናቶችን ከሦስት ወራቸው ጀምሮ ለክቶ የደጋችንን ሠንጠረዥ ቢሠራ፣ የመሐል ሜዳዋ አዋላጅ 26 ስታነብ የምታመሳክረው የራሷ አገር ቁጥር ይኖራታል።