በጭንቅ ሰዓት የመጣ ሰው፦ የሃይማኖት አባት ምክርና ወሰኑ በፎገራ ሜዳ

ወረታ መንገድ የሚለያይባት ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አስፋልት እዚህ ላይ ቅርንጫፍ አውጥቶ በዓለም በር፣ በደብረ ታቦርና በንፋስ መውጫ በኩል ወልድያ ይደርሳል። ከከተማዋ በስተ ምዕራብ እስከ ጣና ዳር የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ደግሞ የሩዝ አገር ነው። በአረምና በአጨዳ ጊዜ የቀን ሠራተኛ ከየደጋው ይወርድበታል፤ ሰሊጥ ሲደርስ ከሜዳው ተነሥቶ ወደ መተማና ሑመራ የሚሄደውም ብዙ ነው። ክረምት ጠንክሮ ርብና ጉማራ ከመውረጃቸው ሲወጡ ማሳና ቤት ይጥለቀለቃል፤ ውኃው ሲጎድል ወባ ይነሣል። ሰው ሲጨንቀው የሚሄድበት በር ግን አያጣም። ክርስቲያኑ የንስሐ አባቱ አሉለት፣ ሙስሊሙ ሼሁ አሉለት፤ ጸበል አለ፣ ዱዓ አለ፣ ክታብ የሚጽፍ ደብተራ አለ፣ ዛፍ ሥር የሚቀመጡ ሽማግሌዎች አሉ።

የሚያንኳኳው በር ታዲያ ሁልጊዜ የራሱ ሃይማኖት በር አይደለም። ልጇ የታመመባት ሙስሊም እናት ጸበል ልትወስደው ትችላለች፤ ክርስቲያኑ ገበሬም ስማቸው የተሰማ ሼህ ዘንድ ሄዶ ዱዓ ያስደርጋል። ደም የተቃቡ ቤተሰቦች ሲታረቁ ቄስና ሼህ ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ጊዜ አለ። ይህን ሁሉ እንደ መቻቻል ምልክት አድርገን ማወደስ ለምደናል። ማወደሱ መልካም ነው፤ ከሥሩ ያለው ጥያቄ ግን በውዳሴ አይመለስም። የሌላ እምነት ሰው በሐዘን፣ በሕመም ወይም በኀፍረት ተሰብሮ ሲመጣ የተቀበለው የሃይማኖት አባት ምን ዕዳ አለበት? ከምንስ እጁን መሰብሰብ አለበት?

ጥያቄው በዚህ አገር ረጅም ዕድሜ አለው፤ የተሰጡት መልሶችም ብዙ ናቸው። ታሪኩን ስመለከተው አንድ ነገር ደጋግሞ ይታየኛል፦ የወጡት ደንቦች አብዛኞቹ ተቋምን ከተቋም፣ ግዛትን ከግዛት የለዩ እንጂ የተጨነቀውን ሰው የጠበቁ አይደሉም።

በ1660 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በጎንደር የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። በሰፈር የተለያዩትን ገበያ ያገናኛቸው ነበር። ከወረታ ወደ ጎንደር በሚወስደው መስመር፣ ከአዲስ ዘመን ብዙም ሳይርቁ ያሉት ይፋግና ደሪጣ በ19ኛው መቶ ዘመን የታወቁ ነበሩ፤ ይፋግ በትልቅ ገበያዋ፣ ደሪጣ በሙስሊም ነጋዴዎቿ። የሜዳው ሰው ጨው ሲገዛ፣ ብድር ሲጠይቅ፣ ወሬ ሲሰማ ከሌላው እምነት ሰው ጋር ነው። ከዚህ ጉርብትና ውስጥ ምክር መጠያየቅም መወለዱ አይቀርም።

በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ ከአውሮፓ የመጡ የፕሮቴስታንት ሚስዮናውያን ለቤተ እስራኤል ሊሰብኩ ገቡ። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ባሠሩበት በጋፋት፣ በደብረ ታቦር አጠገብ ኖረዋል። የተሰጣቸው ፈቃድ ወሰን ነበረው፤ አቡነ ሰላማ ስብከቱን የፈቀዱት ያመነው ሰው በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቅ ነው። ስምምነቱ ሰባኪዎቹንና ቤተ ክርስቲያኒቱን አግባባ። ቤተ እስራኤልን ግን የጠየቀ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግልጽ ኃይል ነው። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጋር ተያይዞ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ። የወሎው መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት በዚህ ሳቢያ ነው። ብዙ ሕዝብ ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆኖ ኖረ። በንጉሥ ትእዛዝ የተጠመቀ ሰው ለተመደበለት የንስሐ አባት ልቡን እንዴት ይከፍታል? ያ ዘመን በቤተሰብ ትዝታ ውስጥ ትቶት ያለፈው ጥርጣሬ ዛሬም አልጠፋም፤ አንድ ቄስ ለአንድ ሙስሊም ሕመምተኛ ያለ አንዳች ሐሳብ ቢጸልዩ እንኳ ከጎረቤት በኩል «ምን ፈልገው ነው?» የሚል ድምፅ የሚሰማው በከንቱ አይደለም።

ከኃይሉ ቀጥሎ የመጣ፣ ጠባዩ ጨርሶ የተለየ ታሪክም አለ። ከሰቆጣ አካባቢ የወጡት ሼህ ዘካርያስ ራእይ አየሁ ብለው፣ ቁርኣንን እየጠቀሱ ከሙስሊም ሊቃውንት ጋር በአደባባይ ይከራከሩ ጀመር። ከብዙ ዓመት በኋላ በ1910 እ.ኤ.አ. በደብረ ታቦር ተጠመቁ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ተከታዮቻቸውም እንዲሁ። አንዱ በዚህ ይደሰታል፣ ሌላው ያዝንበታል። ለኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን የመድረኩ ዓይነት ነው። ሼሁ የተከራከሩት በቀን ብርሃን፣ መልስ ሊሰጡ ከሚችሉ ሊቃውንት ጋር ነበር። እንዲህ ያለ ክርክር ሰውን አያዋርድም። ያንኑ ቃል አልጋ ላይ ለተኛ፣ ለመድኃኒት ገንዘብ ላጣ፣ ልጁን ትናንት ለቀበረ ሰው መናገር ግን ሌላ ነገር ነው፤ ቃሉ አንድ ቢሆንም ሰሚው መልስ ለመስጠት አቅም የለውም።

ይህ ልዩነት በሕግ የተነካው በነሐሴ 1936 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ የወጣው የሚስዮኖች ድንጋጌ አገሪቱን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልልና ክፍት ክልል ብሎ ለሁለት ከፈላት። በቤተ ክርስቲያን ክልል የውጭ ሚስዮን ሆስፒታልና ከአንድ ሃይማኖታዊ ወገን ጋር ያልተያያዘ ትምህርት ቤት መክፈት ይችላል፤ ከሁሉም ክርስቲያኖች የጋራ መሠረታዊ ትምህርት አልፎ የራሱን እምነት ማስተማር ግን አይችልም። የአድቬንቲስት ሚስዮን በደብረ ታቦር ሆስፒታል የነበረው በመሆኑ ለደቡብ ጎንደር ሰው ነገሩ ሩቅ አልነበረም። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ የታመመን ሰው እያከምክ እምነቱን አትነካካ የሚል ነው። ነገር ግን በክፍቱ ክልል የተኛው ሕመምተኛ ያው ሕመምተኛ ሆኖ ሳለ ይህ ጥበቃ አልነበረውም። ተጠባቂው የቤተ ክርስቲያኒቱ ክልል ነበር ማለት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 እምነትን የግለሰቡ ምርጫ አድርጎ በማንኛውም ማስገደድ እንዳይነካ ደንግጓል። በአልጋ አጠገብ የሚነገር ቃል መቼ ማስገደድ እንደሚሆን ግን ሕገ መንግሥት ዘርዝሮ ሊጽፍ አይችልም፤ ያ የአማካሪው ሥነ ምግባር ድርሻ ነው።

በሜዳው ላይ ጥያቄው ስለት የሚያወጣው በሕመም ነው። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች ካላዛር መግባቱ ሲታወቅ ብዙ ሰው አስቀድሞ በበሽታው አልቆ ነበር። ትኩሳቱ ወባ እየመሰለ ሰው የወባ መድኃኒት ይሰጠው ነበር፤ አይሻለውም፤ ሆዱ እየተነፋ ሰውነቱ እየከሳ ይሄዳል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት አዲስ ዘመን ላይ ሕክምና እስኪጀምር ድረስ የበሽታውን ስም የሚነግረው አልነበረም። ሐኪም ስሙን ያጣለትን በሽታ ሰው ወደ ጸበልና ወደ ዱዓ ቢወስደው የሚያስወቅሰው ነገር የለም። ካላዛር ሳይታከም ሲቀር ግን ገዳይ ነው። ስለዚህ ሕክምናው ከተገኘ በኋላ የሚመክር ሰው ኃላፊነቱ ይለወጣል፤ ትናንት ማጽናኛ የነበረው «እዚሁ ቆይ» ዛሬ ሰው ሊገድል ይችላል።

በኤች አይ ቪ ላይም ይኸው ሆኗል። ጸበል የገባ ሰው መድኃኒት መዋጡ እምነት ማጉደል ነው እየተባለ ሕክምናቸውን ያቋረጡ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. በጊዜው ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ጸበሉና መድኃኒቱ አይጣሉም፣ አብረው ይሄዳሉ ብለው በይፋ ተናገሩ። ይህ ቃል የብዙ ሰው ሕይወት የታደገ ይመስለኛል። ከታላቁ መንበር የወጣ ቃል ግን በየጸበሉ ደጅ ካለው አጥማቂ ጆሮ ይደርሳል ማለት አይደለም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በቋራ በበርሜል ጊዮርጊስ ጸበል ኮሌራ ሲነሣ፣ ሰው በሺዎች ተሰብስቦ በሚሰነብትበት ስፍራ የንጹሕ ውኃና የመጸዳጃ ነገር የሃይማኖት አባትም ጉዳይ መሆኑ ታየ። ፈውስ ፈልጎ የመጣን ሰው በተቅማጥ እንዳይሞት መጠበቅ ከጸሎቱ የሚለይ ሥራ አይደለም።

ከሕመም ይልቅ የሚከብደኝ የምሥጢር ነገር ነው። በኦርቶዶክስ ሥርዓት ለንስሐ አባት የተነገረ ኃጢአት አይወጣም፤ ይህን ካህናቱም ምእመናኑም ያውቁታል። አንዲት ሙስሊም ሴት ሌላ የምታምነው ሰው አጥታ ለጎረቤቷ ቄስ የሆዷን ብትነግራቸውስ? ንስሐ አልገባችም፣ ሥርዓቱ አልተፈጸመም። አንድ ክርስቲያን ለሼህ ቢናገርስ? ጥብቅ የሆነው ደንብ ለራስ ምእመን የተሠራ በመሆኑ የሌላው ሰው ምሥጢር ያለ አጥር ይቀራል። ወረታን በመሰለ ትንሽ ከተማ አንዲት ቃል ከበር ከወጣች ትዳር ታፈርሳለች፣ ሰው ታሰድዳለች።

ይህ በሐሳብ ብቻ የሚነሣ ነገር አይደለም። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 ዓ.ም. ያወጣው ሪፖርት፣ በሰሜኑ ጦርነት በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በንፋስ መውጫ የሕወሓት ተዋጊዎች የደፈሯቸውን 16 ሴቶች ቃል ይዟል። ንፋስ መውጫ በዚያው ከወረታ በሚነሣው መንገድ ላይ ናት። እንዲህ ያለ ግፍ የደረሰባት ሴት ከሁሉ አስቀድማ የምትሄደው ሐኪም ወይም ፖሊስ ዘንድ ላይሆን ይችላል፤ የምታምናቸው አባት ዘንድ ሊሆን ይችላል። እዚያ የሚጠብቃት ቃል ወይ ያቆማታል ወይ ይሰብራታል። የበደል ተቀባይዋን «ንስሐ ግቢ» ማለት የሌላውን ኃጢአት እርሷ ላይ መጫን ነው። ዝም በይ ማለትም፣ ሳትፈቅድ ለባሏ መንገርም እንዲሁ ነው። ይህን እንዳያደርግ አማካሪው ሊሠለጥን ይገባዋል፤ ደግ መሆን ብቻውን አይበቃም።

በሽምግልናም አንድ የሚያሳስብ ነገር አለ። ደም በሚደርቅበት ሸንጎ እያንዳንዱ በየእምነቱ እንዲምል ይደረጋል፤ ቄሱ ሙስሊሙን አይገዝቱም። ይህ ጥንቃቄ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን መስቀልና ግዝት የእርቅ መሣሪያ ሲሆኑ፣ የተደፈረች ልጅ ቤተሰብ ክሱን እንዲተው ለማስጨነቅ መዋላቸው አይቀርም። ልጅቱ በሸንጎው አትቀመጥም፤ የሚነገረውም በወንድሞቿና በአባቷ አፍ ነው። እንዲህ ያለ ከባድ ወንጀል በእርቅ የሚዘጋ አይደለም፤ ሽምግልናው ደም እንዳይፋሰስ ሊያደርግ ይችላል፣ ፍርዱን ግን ሊተካው አይገባም።

ስለ ገንዘብ በአጭሩ ልለፈው፤ እዚህ ላይ ሕጉ ግልጽ ነውና። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ተናዛዡ ከመሞቱ በፊት ባሉት 6 ወራት ውስጥ ላከመው ሐኪም፣ በመንፈስ ለተንከባከበው የሃይማኖት ሰው ወይም ለመከረው ጠበቃ የተወውን ኑዛዜ ፍርድ ቤት ሊቀንሰው ወይም ሊሽረው እንደሚችል ይደነግጋል። የሕጉ አርቃቂዎች በሞት አልጋ አጠገብ ያለ ሰው ምን ያህል ሥልጣን እንዳለው ያወቁ ይመስለኛል።

በቅርብ ዓመታት በአካባቢው የተነሡት ግጭቶች መተማመኑን አሳስተውታል። በ2011 ዓ.ም. በደቡብ ጎንደር በእስቴ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጊዶች ተቃጥለዋል፤ ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በጎንደር በአንድ ሼህ ቀብር ላይ በተነሣው ጥቃት ከ20 በላይ ሰዎች ተገድለዋል። በ2003 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ በእንዲህ ያለ ጊዜ ይጠራል፤ መግለጫ ያወጣል፣ አባቶችን አብሮ ያስቀምጣል። ሥራው አስፈላጊ ነው። ግን እርሱም የተሠራው ተቋማት እንዳይጋጩ ነው፤ በአንድ አባት ምክር ለተጎዳች አንዲት ሴት አይደለም። በዓለም ደረጃ የአብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ፣ ቫቲካንና የወንጌላውያን ኅብረት በ2011 እ.ኤ.አ. በጋራ ያወጡት ሰነድ በድህነትና በችግር ተጠቅሞ ሰውን ወደ እምነት መሳብን ያወግዛል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የአብያተ ክርስቲያናቱ ጉባኤ መሥራች አባል ናት። ሰነዱን በፎገራ ያሉ ካህናት እጅ ማድረስ የሚከብድ አይመስለኝም።

የሜዳው ሰው ራሱም ከሰነዱ ቀድሞ የሚያውቀው ልማድ አለው። ሠርግ ላይ ሙስሊም ጎረቤት ሲጠራ ለእርሱ የሚሆነው በግ በሙስሊም እጅ ይታረዳል፣ ድስቱ ይለያል፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ዳስ ይቀመጣል። ማንም እንግዳውን በክርስቲያን እጅ የታረደውን ሥጋ እንዲበላ አያግባባውም፤ ማግባባት ነውር ነውና። የሌላ እምነት ሰው ልቡን ይዞ ሲመጣም ይኸው ነውር ቢታሰብ ብዙው ነገር ይቃናል፤ ስሙን፣ ማተቡን ወይም ሶላቱን ሳይነኩ መስማት፤ ጉዳዩ የእምነት ከሆነ ወደ ራሱ አባት መምራት፤ የሕመም ከሆነ ጤና ጣቢያ መላክ፤ የሰሙትን አለማውጣት።

ልማዱ ሲጣስ ግን አቤት የሚባልበት ቦታ ያስፈልጋል። ዛሬ አንዲት ሙስሊም በቄስ፣ አንድ ክርስቲያን በሼህ ወይም በደብተራ ምክር ብትጎዳ ወይም ቢጎዳ ወንጀል እስካልሆነ ድረስ የሚሰማው አካል የለም። ለወረታና ለዙሪያዋ ከወረዳ ቤተ ክህነት አንድ ካህን፣ ከእስልምና ጉዳዮች አንድ ዓሊም፣ ከጤና ጽሕፈት ቤት አንድ ባለሙያና ከሁለቱም እምነት ሴቶች የሚቀመጡበት፣ ስም ሳያወጣ ቅሬታ የሚቀበል ትንሽ ኮሚቴ ቢቋቋም ከነባሩ ሽምግልና የሚርቅ አይሆንም። ሴቶቹ ግን ከመጀመሪያው ቀን መኖር አለባቸው፤ ምሥጢሩን ይዘው የሚመጡት አብዛኛውን ጊዜ እነርሱ ናቸውና።