አገራችንን በስም የምትጠራው አስትሮይድ

የኢትዮጵያን ስም ተሸክማ ፀሐይን የምትዞር አለት እንዳለች ያውቁ ኖሯል? የምትገኘው በማርስና በጁፒተር መካከል ባለው የአስትሮይዶች ቀበቶ ውስጥ ነው፤ በመዝገብም "1432 ኢትዮጵያ" ተብላ ሰፍራለች።

ያገኛት ሲሪል ጃክሰን የተባለ የሥነ ፈለክ ባለሙያ ሲሆን፣ ቦታው ጆሃንስበርግ፣ ዕለቱም ሐምሌ 25 ቀን 1929 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 1937) ነበር። ዓመተ ምሕረቱን ልብ ይበሉ። የየካቲት 12 ጭፍጨፋ ከተፈጸመ ስድስት ወር እንኳ አልሞላም፤ አዲስ አበባ በፋሺስት እጅ ናት፤ ንጉሠ ነገሥቱም በስደት እንግሊዝ አገር ናቸው። ጃክሰን ካገኛቸው 72 አስትሮይዶች መካከል አፍሪካ፣ ኬንያና ኡጋንዳ የተባሉም ስላሉ ስያሜውን ከፖለቲካ ጋር ማያያዝ አይገባም። ቢሆንም ያን ዘመን ለሚያስታውስ ልብ የሚነካ ነገር ነው።

አስትሮይድ እንዴት ይገኛል? በዚያን ጊዜ አንዱን የሰማይ ክፍል በተለያየ ሰዓት ፎቶግራፍ አንስተው ሥዕሎቹን ያነጻጽሩ ነበር። ከዋክብቱ ባሉበት ሲቆዩ አስትሮይዷ ፈቀቅ ብላ ትታያለች። መጀመሪያ የተሰጣት ጊዜያዊ መለያ "1937 ፒጂ" ነበር፤ "ፒ" የኦገስትን የመጀመሪያ አጋማሽ፣ "ጂ" ደግሞ ሰባተኛነትን ያመለክታል። ምሕዋሯ በትክክል ሲታወቅ ቋሚ ቁጥር ይሰጣታል፤ ስም የማቅረቡም መብት የአግኚው ነው። በዛሬው ደንብ ይህ መብት ለአሥር ዓመት ይጸናል፤ ስሙን የሚያጸድቀው ግን ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ነው። ፖለቲከኛና የጦር ሰው ከሞተ መቶ ዓመት ካልሞላው ስሙ አይወጣም (ደግ ሕግ ነው!)። ስም በገንዘብም አይሸጥም፤ ስለዚህ "ከፍለው ኮከብ በስምዎ ያስመዝግቡ" የሚሉትን አይመኑ።

እኛስ? እ.ኤ.አ. በ2019 ኅብረቱ ለየአገሩ በሰጠው ዕድል ኢትዮጵያ አንዲትን ኮከብ "ቡና"፣ ፕላኔቷን "አቦል" ብላለች። ሁለቱንም ያገኘናቸው ግን እኛ አይደለንም። ከየካ ሽቅብ በእንጦጦ ሰንሰለት ላይ፣ 3200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረ የምልከታ ጣቢያ አለ። ሁለቱ ቴሌስኮፖቹ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስተዋት ስላላቸው አስትሮይድ ለመከታተል አያንሱም።

ችግሩ ሌላ ነው። ጃክሰን ያገኛት በደቡቡ ደረቅ ክረምት ነው፤ የእንጦጦ ሐምሌ ግን ደመናና ዝናብ ነው። ደመናው በመስከረም ይገፈፋል፤ የከተማው መብራት ግን ዓመቱን ሙሉ አይገፈፍም። ባለሙያዎቹ ወደ ላሊበላ ተራሮች ያማተሩትም ለዚሁ ነው። እርስዎም የካ የሚኖሩ ከሆነ የደጅዎን አምፖል ከላይ ከልለው ብርሃኑን ወደ መሬት ቢመልሱት፣ ለጣቢያው ሌሊት ትንሽ ጨለማ ይተርፈዋል።