ለልባችን የሚበጀው ቪታሚን የቱ ነው?

የዛሬውን ጽሑፍ ከራሴ ቤት እጀምራለሁ። ባለቤቴን አስፈቅጄዋለሁ፤ "ሌላውን ከጠቀመ ጻፊው" ብሎኛል።

ካቻምና የባለቤቴ እኅት ከአሜሪካ ስትመጣ ሁለት ትልልቅ ጠርሙስ መልቲቪታሚን አመጣችለት። "ለልብ ነው፤ ሳታቋርጥ ውሰደው" አለችው። ባለቤቴ የደም ግፊት ካገኘው ቆይቷል። ጠዋት ጠዋት ቪታሚኑን ሲውጥ ውኃ የማቀብለው እኔ ነበርኩ። የግፊት መድኃኒቱን መተዉን ግን ያወቅሁት ከሦስት ወር በኋላ፣ እሑድ እየሰበከ ሳለ አዙሮት አትሮንሱን ይዞ ሲቆም ነው። እዚሁ ኮላ ድባ ሐኪም ዘንድ ስንወስደው የላይኛው ቁጥር 190 ደርሷል። "ቪታሚኑ ይበቃኛል ብዬ ነው" አለ። አንድ ቀን እንኳ "ኪኒንህስ?" አለማለቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ቪታሚን ለልብ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ቢ1 በጣም ሲጎድል ልብ ራሱ ይደክማል፣ እግርም ያብጣል። ፎሌት፣ ቢ6 እና ቢ12 ደግሞ ሆሞሲስቲን የሚባለው ንጥረ ነገር በደም ውስጥ እንዳይከማች ያደርጋሉ፤ ይህ የበዛባቸው ሰዎች በልብና በደም ሥር ሕመም ሲያዙ በብዛት ይታያል። "ታዲያ በኪኒን ብንሰጥስ?" ብለው ሐኪሞች ሞከሩት። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሆፕ የተባለው ጥናት ከ9,000 በሚበልጡ ሰዎች ላይ ቪታሚን ኢን ፈትኖ ለልባቸው ጥቅም አላገኘም። በ2012 በወጣው ሌላ ጥናት ከ14,000 በላይ አሜሪካውያን ወንድ ሐኪሞች ገሚሶቹ መልቲቪታሚን፣ ገሚሶቹ አስመሳይ ኪኒን ከ10 ዓመት በላይ ወሰዱ። በድንገተኛ የልብ ሕመምም ሆነ በስትሮክ ልዩነት አልታየም።

አንድ ለየት ያለ አለ። በ2015 የወጣ የቻይና ጥናት፣ ከ20,000 በላይ የደም ግፊት ሕሙማን መካከል ፎሊክ አሲድ የተጨመረላቸው በስትሮክ የመያዛቸው ዕድል እንደቀነሰ አሳይቷል። ልብ በሉ፤ ሁሉም የግፊት መድኃኒታቸውን እየወሰዱ ነበር!

ፎሌቱ ደግሞ ከአሜሪካ እስኪመጣ አይጠበቅም። የደምቢያ ሽምብራ፣ ምስር፣ ባቄላና ጎመን ሞልተውታል፤ ግፊትን የሚያለዝበውን ፖታሲየምም አብረው ይሰጡናል። (ስለ ጥራጥሬ ስናገር ዳንኤልን የምትጠቅሱልኝ አላችሁ። የእርሱ ጉዳይ ግን ከቪታሚን ይልቅ የታማኝነት ነበር።) ሆኖም በ2015 በአገራችን በተደረገ ጥናት ከ100 ሰው 98ቱ ያህል የሚመከረውን አትክልትና ፍራፍሬ አይመገብም።

ያለንንም ቢሆን እኛ ሴቶች እንደፋዋለን። ጎመኑን ከትፈን እናጥባለን፣ ለረጅም ጊዜ እንቀቅላለን፣ ከዚያ ጨምቀን ውኃውን እናፈሳለን። ፎሌትና ቪታሚን ሲ ውኃ ውስጥ የሚሟሙ ስለሆኑ አብረው ይሄዳሉ። እኅቴ፣ ሳትከትፊ እጠቢው፤ በጥቂት ውኃ ከድነሽ ቶሎ አብስዪውና ውኃውን እዚያው ድስት ውስጥ ተዪው። ጨውንም ቀንሺ። እኔ መጀመሪያ ጨው ስቀንስ ባለቤቴ "ወጡ ዛሬ ታሟል እንዴ?" ብሎኝ ነበር፤ በወሩ ለመደው። መድኃኒቱንም ዛሬ በየጠዋቱ እያየሁት ይወስዳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በሩማቲክ ሕመም ቫልቩ ተጎድቶ ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ የገባለት ሰው በቤታችሁ ካለ፣ ደሙ እንዳይረጋ ዋርፋሪን ይወስዳል። ጎመንና ቆስጣ ውስጥ ያለው ቪታሚን ኬ ደግሞ ደም እንዲረጋ ይረዳል። ስለዚህ አንድ ሳምንት ጎመን ብቻ በልቶ በሚቀጥለው ጭራሽ ቢተው፣ መጀመሪያ ደሙ ሊረጋ፣ ኋላም ሊደማ ይችላል። ጎመኑን አትከልክሉት፤ መጠኑን ግን በየሳምንቱ እኩል አድርጉለት። ቪታሚን ከውጭ ከተላከለትም ከመዋጡ በፊት ጠርሙሱን ይዛችሁ ሐኪሙ ዘንድ ሂዱ፤ ብዙዎቹ ውስጥ ቪታሚን ኬ አለ።